የኮሌስትሮል መድኃኒት፦ ማን ይውሰደው? ከምንስ ጋር ይጠንቀቅ?

ኮሌስትሮል ሲበዛ አያምም። ሌላው የደም ስብ፣ ትራይግሊሰራይድም ቢሆን፣ እጅግ እስኪያሻቅብ ድረስ ምንም ስሜት የለውም። ሁለቱም የሚታወቁት በላብራቶሪ ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ መድኃኒታቸውን የሚወስድ ሰው የራስ ምታት ወይም የጨጓራ ኪኒን ከሚወስደው የተለየ ፈተና አለበት፤ ሲውጠው የሚሻለው ነገር የለም፣ ሲተወውም በማግስቱ የሚብስበት ነገር የለም። ሦስት ወር ወስዶ «ወረደልኝ» ብሎ የሚያቆመው፣ ጎረቤቱ የታዘዘለትን ስም አስጽፎ የሚገዛው፣ «ጉበት ይጨርሳል» ሲባል ሰምቶ ገና ሳይጀምር የሚፈራው ብዙ ነው። ስለእነዚህ መድኃኒቶች ባለፉት አርባና ሃምሳ ዓመታት የተጠናውን ሳይ የምደርስበት ፍርድ አንድ ነው፦ ኪኒኖቹ ከሚወራባቸው ይልቅ ደኅና ናቸው። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚመጣው ለማያስፈልገው ሰው ሲሰጡ፣ ለሚያስፈልገው ሲቋረጡ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ ሳያውቅ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኙ ነው።

«እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ሥጋና ቅቤ እምብዛም አልነካም፤ ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ በየክሊኒኩ ይሰማል። መልሱ በአብዛኛው ጉበት ነው። በደም ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል የሚበዛውን የሚሠራው ሰውነት ራሱ ነው እንጂ ከማዕድ የሚመጣው አይደለም። ጉበት በደም የሚዞረውን ኤልዲኤል፣ በተለምዶ ክፉው ኮሌስትሮል የምንለውን፣ እየያዘ የሚያስገባባቸው መቀበያዎች አሉት። በዘር ምክንያት እነዚህ መቀበያዎች ያነሱበት ወይም የተበላሹበት ሰው ምንም ቢጾም ቁጥሩ ከፍ ይላል። ይህን ያረጋገጡት አሜሪካውያን ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ዘመን በጃፓን አኪራ ኤንዶ የተባለ ተመራማሪ ከ6,000 በላይ የሻጋታና የፈንገስ ዓይነቶችን አንድ በአንድ ፈትሾ፣ ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኢንዛይም የሚገታ ንጥረ ነገር በ1973 አገኘ። ጉበት ማምረት ሲያቅተው የሚፈልገውን ከደም ለመውሰድ መቀበያዎቹን ያበዛል፤ በደም ውስጥ ያለው ኤልዲኤልም ይወርዳል። ስታቲን የሚባለው የመድኃኒት ቤተሰብ የተገኘው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ሎቫስታቲን በ1987 በአሜሪካ ተፈቀደ። ብዙ ሐኪሞችን ያሳመነው ግን በ1994 የወጣው የስካንዲኔቪያ ጥናት ነው፤ 4,444 የልብ ሕመምተኞችን ለአምስት ዓመት ያህል ሲከታተል፣ ሲምቫስታቲን የወሰዱት በማናቸውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው በ30 በመቶ ቀንሶ ተገኘ።

ምግብ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ጾም ቅቤን ያስቀራል እንጂ ቅባትን ሁሉ አያስቀርም። በየሱቁ የሚሸጠው የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ስብ ነው፤ በጾም ሽሮና በጾም ጥብስ ላይ በጭልፋ እየተጨመረ «የጾም ምግብ ነው» ብሎ መዘናጋት አይገባም። ሆኖም ዘይት መቀነስ ብቻውን ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ያገኘውን ሰው ከመድኃኒት አያድነውም።

ታዲያ መድኃኒቱ ለማን ነው? የሚወስነው ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ልቡን ታሞ የሚያውቅ ወይም ስትሮክ የመታው ሰው ቁጥሩ «ኖርማል» ቢሆንም እንኳ ስታቲን ያስፈልገዋል። ኤልዲኤሉ 190 እና ከዚያ በላይ የሆነም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ይህን ያህል የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ የዘር ነገር ነው፤ ልጆቹና ወንድም እህቶቹም መመርመር አለባቸው። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 75 የሆኑ የስኳር ሕመምተኞችም ከዚሁ ወገን ናቸው። ከእነዚህ ውጪ ያለው ሰው ጉዳይ በስሌት የሚታይ ነው፤ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ደም ግፊት፣ ሲጋራ፣ ስኳርና ኮሌስትሮል አንድ ላይ ተደምረው በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የመምጣት ዕድሉ ይሰላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው ሰንጠረዥ ለምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ገጽ አለው፤ ላብራቶሪ በሌለበት ቦታ በደም ምርመራው ፈንታ ቁመትና ክብደት ገብቶ የሚሠራበትም አማራጭ አለው። የ35 ዓመት ጤነኛ ሰው ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ 210 ስለሆነ ብቻ ዕድሜ ልክ ኪኒን ሲታዘዝለት፣ ስትሮክ የመታቸው የ62 ዓመት አባት ደግሞ «ኮሌስትሮልዎ ጥሩ ነው» ተብለው ያለ መድኃኒት ወደ ቤት ሲሸኙ፣ ሁለቱም ላይ ስሕተት ተሠርቷል። ሁለተኛው ግን ይብሳል።

ስለ ቁጥር ከተነሳ በውጭ ለሚኖሩ አንባቢዎች አንድ ነገር ላንሳ። በኢትዮጵያ፣ በአሜሪካና በእስራኤል የሚጻፈው በሚሊግራም ነው፤ በብዙ የአውሮፓ ሀገሮች ደግሞ በሚሊሞል። ከስቶክሆልም ወይም ከለንደን 2.6 የሚል ውጤት ይዞ የመጣ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ 100 ሲባል ሊደነግጥ ይችላል፤ ሁለቱ ግን አንድ ናቸው። ኤልዲኤል 4.9 ማለት 190 ነው። የትራይግሊሰራይድ ማባዣው ይለያል፦ 1.7 ማለት 150፣ 5.6 ደግሞ 500 ገደማ ነው።

መድኃኒቱ ምን ያህል ይጠቅማል ለሚለው ጥሩ መልስ አለ። ብዙ ታላላቅ ጥናቶች በአንድ ላይ ተደምረው ሲታዩ ኤልዲኤል በ39 ሚሊግራም ገደማ በወረደ ቁጥር የድንገተኛ የልብ ሕመምና የስትሮክ አደጋ በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ይህ ጥቅም የሚጠራቀመው በዓመታት ነው። መድኃኒቱ ሲቆም ግን ቁጥሩ በሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። «ወረደልኝ» የሚለው ቃል ትክክለኛ ትርጉም «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» እንጂ «ድኛለሁ» አይደለም። መጠኑን በራስ ፈቃድ መጨመርም አያዋጣም፤ የስታቲን መጠን በእጥፍ ሲጨመር ኤልዲኤል ተጨማሪ 6 በመቶ ያህል ብቻ ይወርዳል፣ የጡንቻ ሕመም ዕድል ግን አብሮ ይጨምራል። አንዱ ስታቲን ካልበቃ ሐኪሙ ኢዜቲማይብ የሚባለውን፣ ኮሌስትሮል ከአንጀት እንዳይገባ የሚከለክለውን ኪኒን ቢያክልበት ይሻላል። አዳዲሶቹ መርፌዎች፣ ኢቮሎኩማብና አሊሮኩማብ ከ2015 ጀምሮ፣ ከዚያ ወዲህም በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወጋው ኢንክሊሲራን፣ ኤልዲኤልን በግማሽና ከዚያም በላይ ያወርዳሉ። ዋጋቸው ግን ለአብዛኛው ሰው የሚቀመስ አይደለም። ብዙ ሕይወት የሚያድነው ርካሹ አቶርቫስታቲን ነው፣ ሳይቋረጥ ከተወሰደ።

አሁን ወደሚፈራው ነገር እንምጣ። የጡንቻ ሕመም አለ፤ እውነት ነው። ከባዱ ዓይነት፣ ጡንቻ ፈርሶ ኩላሊትን የሚዘጋው፣ ከሺህ ሰው ለአንዱ እንኳ የማይደርስ ነው። ምልክቱን ግን ማንም ሊያውቀው ይገባል፦ በሁለቱም ጭኖች ወይም በሁለቱም ትከሻዎች ላይ የሚሰማ ብርቱ ሕመምና መዛል፣ ከወንበር መነሳት ማቃት፣ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ መጥቆር። ይህ ሲመጣ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ ቀጠሮ አይጠበቅም። ከዚህ በመለስ ያለው ቀላል ሕመም ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ2020 በእንግሊዝ ሀገር የወጣ ሳምሶን የሚባል ጥናት፣ በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎችን ወስዶ አንዳንድ ወር የሚበቁ ጠርሙሶች ሰጣቸው፤ አንዳንዱ ውስጥ እውነተኛ ስታቲን፣ አንዳንዱ ውስጥ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ኪኒን፣ አንዳንዱ ደግሞ ባዶ ነበር። የሕመማቸውን መጠን በየቀኑ ሲመዘግቡ ከስታቲኑ የመጣ ከመሰላቸው ስሜት 90 በመቶ ያህሉ በአስመሳዩ ኪኒንም ታየ። ሕመሙ ውሸት ነበር ማለት አይደለም፤ ታመዋል። ምክንያቱ ግን በአብዛኛው ፍርሃቱ ነበር። ይህ ሲነገራቸው ግማሽ ያህሉ ወደ መድኃኒታቸው ተመለሱ። ስለዚህ ቀላል ሕመም የተሰማው ሰው ለሐኪሙ ቢነግር መጠኑ ይቀነስለታል፣ ወይም ወደ ሌላ ስታቲን ይቀየርለታል። ከዚያ በፊት ግን ታይሮይድ ቢመረመር መልካም ነው። የእንቅርት ችግር በብዙ አካባቢዎቻችን የቆየ ነው፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ኮሌስትሮሉንም ከፍ ያደርጋል፣ በስታቲን ጡንቻ የመታመሙንም ዕድል ይጨምራል። አንዳንዱ ሰው የሚያስፈልገው የኮሌስትሮል ሳይሆን የታይሮይድ ሕክምና ነው።

ስለ ጉበት የሚወራው ከእውነቱ በጣም የራቀ ነው። ከባድ የጉበት ጉዳት እጅግ ብርቅ በመሆኑ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2012 በየጊዜው የጉበት ምርመራ ይደረግ የሚለውን ምክር አነሳ። ከመጀመር በፊት አንድ ጊዜ መመርመር፣ ከዚያ ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ የወፍ በሽታ እንደምንለው ዓይነት፣ ወይም በቀኝ ጎን ሕመም ሲሰማ መመርመር በቂ ነው። ጉበት ላይ ስብ ያለበት ሰው ስታቲን መውሰድ ይችላል፤ ሄፓታይተስ ቢ ያለበትም የጉበቱ ሁኔታ ከታየ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይወስዳል። የማይፈቀደው በድንገት ለታመመ ወይም ሥራውን ላቆመ ጉበት ነው። ስኳርን በተመለከተ በድንበሩ ላይ ያለን ሰው ስታቲን ትንሽ ገፋ ሊያደርገው ይችላል፤ ከልብ ሕመም የሚያድነው ግን ከዚህ በእጅጉ ስለሚበልጥ ማንም የሚያስቆም የለም። እርግዝና ግን ጥብቅ ጉዳይ ነው። ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር፤ አብዛኞቹ ሴቶች እንዳረገዙ ያቆሙታል፣ ጡት እያጠቡም አይወስዱትም።

በእኔ ግምት እውነተኛው አደጋ ያለው መድኃኒት ከመድኃኒት ጋር ሲጋጭ ነው። በነሐሴ 2001 ባየር የሚባለው ኩባንያ ሴሪቫስታቲን የተባለውን ስታቲኑን ከዓለም ገበያ አነሳ፤ በጡንቻ መፍረስ የሞቱ 52 ሰዎች ተመዝግበው ነበር። ከሞቱት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ለትራይግሊሰራይድ የሚሰጠውን ጄምፊብሮዚልን አብረው ይወስዱ ነበር። ዛሬም ቢሆን ጄምፊብሮዚልን ከሲምቫስታቲን ጋር መስጠት ክልክል ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ግጭቱ የሚመጣው ከማይጠበቅ አቅጣጫ ነው፦ ከጨጓራ። የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብህ የተባለ ሰው ለ10 ወይም ለ14 ቀን ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ክላሪትሮማይሲን ነው። ይህ አንቲባዮቲክ ጉበት ሲምቫስታቲንንና አቶርቫስታቲንን የሚያስወግድበትን መንገድ ይዘጋል፤ ስታቲኑ በደም ውስጥ ይከማቻል። ከሲምቫስታቲን ጋር ፈጽሞ አይሰጥም፤ አቶርቫስታቲንም ቢሆን መጠኑ ይቀነሳል ወይም ለእነዚያ ቀናት ይቆማል። ለሁለት ሳምንት ማቆሙ ልብን አይጎዳም። መፍትሔው ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ግን የጨጓራ ሐኪሙ ስለ ኮሌስትሮል ኪኒኑ፣ የልብ ሐኪሙ ስለ ጨጓራው ካልሰማ ማን ያገናኘዋል? ኤሪትሮማይሲንም ተመሳሳይ ነው፤ የፈንገስ መድኃኒቶቹ ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞልም እንዲሁ። ለደም ግፊት በብዛት የሚታዘዘው አምሎዲፒን ካለ ሲምቫስታቲን ከ20 ሚሊግራም አይለፍ። ለሪህ የሚሰጠው ኮልቺሲንም ጡንቻን በስታቲን ላይ ያስነሳል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው ስታቲኑን አጥፍቶ ከንቱ ያደርገዋል። ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሰዎች ሪቶናቪር ያለበት ሕክምና ከሲምቫስታቲን ጋር ክልክል ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ግን ከስታቲን ጋር አይጣላም። ለእነዚህ ወገኖች ተስፋ የሚሰጥ ዜናም አለ። በ2023 የወጣው ሪፕሪቭ የተባለው ጥናት 7,769 ኤችአይቪ ያለባቸውን ሰዎች ተከታትሎ ፒታቫስታቲን ከባድ የልብና የደም ቧንቧ ችግርን በ35 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

ሌላው ግጭት መድኃኒት ከራሱ ጋር የሚጋጭበት ነው። ልጃቸው ከዱባይ የላከችላቸው ሳጥን ላይ «ሊፒተር» ይላል፤ ከሰፈር ፋርማሲ የገዙት ላይ «አቶርቫስታቲን»። እናት አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ ይውጣሉ፣ ሁለት የተለያየ መድኃኒት ነው ብለው። የኪኒኖቹ ቀለምና ቅርጽ አይመሳሰልምና አይፈረድባቸውም። ፌስታሉን መስኮቱ ላይ ዘርግፋ «እማማ፣ እነዚህ እኮ አንድ ናቸው» የምትል አንዲት ንቁ ፋርማሲስት ግን ከአንድ ወር የሆስፒታል አልጋ ታድናለች። ክሬስቶር ሮሱቫስታቲን ነው፣ ዞኮር ሲምቫስታቲን ነው፤ በሳጥኑ ላይ ትልቁን ስም ሳይሆን ከሥሩ በትንሽ የተጻፈውንና በ«ስታቲን» የሚያልቀውን ማየት ነው። ሁለት ስታቲን በአንድ ጊዜ አይወሰድም። ከውጭ ለወላጅ መድኃኒት መላክ ፍቅር ነው፤ ላኪው ግን ሐኪሙ ያዘዘውን ስምና መጠን ፎቶ አስነስቶ ሳያይ አይላክ።

ትራይግሊሰራይድ ላይ ስደርስ ያለኝ አስተያየት ጠንከር ያለ ነው፤ ብዙ ሰው ያለ ጥቅም መድኃኒት የሚወስደው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከ150 በታች ደኅና ነው፣ ከ500 በላይ በጣም ከፍ ያለ ነው፣ 1,000 ሲያልፍ ደግሞ ቆሽት በድንገት የመቆጣቱ አደጋ እውን ነው፤ ይህ ሕመም ይገድላል። ከ500 በላይ ለሆነ ሰው ፌኖፋይብሬት ቆሽትን ለመጠበቅ ይሰጣል፤ ትክክልም ነው። በ200 እና በ400 መካከል ያለውን ሰው ልብ ለማዳን ተብሎ የሚሰጠው ግን ደጋግሞ ተፈትኖ አልሆነም። በ2022 ፕሮሚነንት የተባለው ጥናት ከ10,000 በላይ የስኳር ሕመምተኞችን ይዞ ፔማፋይብሬት የተባለው አዲስ መድኃኒት ትራይግሊሰራይድን በ26 በመቶ ቢያወርድም ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንዳልቀነሰ አሳየ። ሌላው መድኃኒት፣ ኒያሲንም፣ በ2011 እና በ2014 በወጡ ሁለት ታላላቅ ጥናቶች ወድቋል። ቁጥር ወረደ ማለት ሰው ዳነ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ስለዚህ 300 የሚል ወረቀት የያዘ ሰው ከኪኒን በፊት ምክንያቱን ይፈልግ። ያልተቆጣጠሩት ስኳር፣ አረቄና ቢራ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ታይሮይድ፣ የኩላሊት ሕመም፣ እንደ ስቴሮይድና ኤስትሮጅን ያሉ መድኃኒቶች ትራይግሊሰራይድን ከፍ ያደርጋሉ። ደሙን የሰጠው በልቶ ከሆነም በባዶ ሆድ ደግሞ ይመርመር። መጠጥ ማቆምና ስኳርን ማስተካከል ብዙ ጊዜ ከማንኛውም ኪኒን በላይ ያወርደዋል፤ ልቡን የሚጠብቅለት ደግሞ የሚገባው ከሆነ ስታቲን ነው። ፌኖፋይብሬት የታዘዘለት ሰው ከምግብ ጋር ይውሰደው፣ ኩላሊቱን ይመርመር፣ የሐሞት ጠጠር ካለበት ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ ከሆነ አስቀድሞ ይናገር። የዓሣ ዘይትን በተመለከተ በ2018 የታተመው ጥናት፣ በማዘዣ የሚሰጠው የተጣራው አይኮሳፔንት ኢታይል በቀን 4 ግራም ሲወሰድ የልብ ችግርን በ25 በመቶ እንደቀነሰ ዘግቧል፤ ለንጽጽር የተሰጠው የማዕድን ዘይት ራሱ ጎጂ ነበር ብለው የሚሟገቱ ባለሙያዎች ግን አሉ፤ የልብ ምት መዛባትንም በጥቂቱ ይጨምራል። ከሱፐርማርኬት የሚገዛው የዓሣ ዘይት ይህ አይደለም።

ነጭ ሽንኩርት፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድ ምግብ ናቸው፤ ከወጥ ጋር ይበሉ። በስታቲን ቦታ ግን አይተኩም። ከውጭ «ተፈጥሯዊ» ተብሎ የሚመጣው ቀይ የሩዝ እርሾ ደግሞ ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ራሱ ሎቫስታቲን ነው፤ መጠኑ ያልታወቀ ስታቲን ማለት ነውና ከታዘዘ ስታቲን ጋር ሲደመር አደገኛ ነው። ጾም ደግሞ እንቅፋት አይደለም። አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን በቀን አንዴ፣ በፈለጉት ሰዓት፣ በምግብም ያለ ምግብም ይወሰዳሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም፣ የሚቆርብም ሆነ ረመዳን የሚይዝ ሰው ማታ ላይ ሊያደርገው ይችላል። ሲምቫስታቲን ድሮውንም ማታ ነው። አንድ ቀን ቢረሳ በማግስቱ ሁለት አይዋጥም።

መድኃኒቱን ከጀመሩ ወይም መጠኑ ከተቀየረ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ደምዎን ያስመርምሩ፤ ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ደግሞ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የጨጓራውንም፣ የግፊቱንም፣ ከውጭ የተላከውንም፣ ከባሕል ሐኪም የተገዛውንም፣ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ። አንድም ሳይደብቁ ጠረጴዛው ላይ ያውጡትና «ከእነዚህ ጋር ይስማማል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሐኪሙ ቢቸኩል ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። ሳይመለስልዎ አይነሱ።